ወንድሜ ስም ያጣበት ሳምንት

በምኖርበት ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ሶርያዊ ሽማግሌ ሱቅ አላቸው። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ጎራ ብዬ ለጾም የሚሆነኝን ምስርና ሽምብራ እገዛለሁ። ባለፈው እሑድ በሩ አጠገብ አፉ የተከፈተ የሰሊጥ ጆንያ ቆሞ ነበር። ያልታጠበ፣ ከነአቧራው የመጣ ሰሊጥ ነው። ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩት። ሽታው ወጣ፤ ዘይት ዘይት የሚል፣ ከሥሩ ግን የደረቀ ጭቃ ያለበት። ጣቶቼ ሳላዛቸው አንድ ነገር ፍለጋ ይዳብሱ ጀመር።

ይኼኔ ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን «ና አንተ ሒማር!» ብለው ተጣሩ። ሒማር አህያ ማለት ነው፤ መተማ ያደገ ልጅ ይህችን የሱዳን ስድብ ፊደል ሳይቆጥር ያውቃታል። ሕፃኑ እየሳቀ መጣ። ሽማግሌው ጉንጩን ሳሙትና ከረሜላ አጎረሱት። እኔም ሳቅሁ። ሱቁ ውስጥ የሚቀየም አህያ አልነበረም።

እጄ ግን ከጆንያው አልወጣም። የወንድሜ ስም ትዝ ብሎኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ስሙ።

ባሪያው ነበር የሚባለው። ይህን ቃል መጻፍ አልወድም፤ ሳልጽፈው ግን የዚያን ዓመት ነገር መናገር አልችልም። እስከሚያስፈልገኝ ድረስ እጽፈውና እተወዋለሁ።

ቤታችን የከተማው የመጨረሻ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ከአጥራችን ወዲያ የሰሊጥ ማሳ ነው፤ ከማሳው ወዲያም ሌላ የሰሊጥ ማሳ። አባቴ ክረምቱን እርሻው ላይ ዳስ ጥሎ ስለሚከርም ቤቱ የናቴ፣ የኔና የወንድሜ ነበር። መሬቱ ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ ጥቁር ሊጥ ይሆንና የረገጠውን ሁሉ ይይዛል። ያን ዓመት መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አልቆም ብሎ ነበር። ደጃችን ላይ የአንድ የጎንደር ባለሀብት ትራክተር እስከ ጎማው ወገብ ተቀብሮ ከነሐሴ ጀምሮ ቆሟል። ሾፌሩ አያ ይበልጣል የሚባል የጎጃም ሰው ነው፤ በየማለዳው መጥቶ አንዴ ይዞረውና «ወይ ዋልካ! የያዘውን አይለቅ እኮ!» ብሎ ይመለሳል። እኛ ልጆች ደግሞ ላዩ ላይ ወጥተን ድንበሩን ተሻግረን ገላባት ድረስ እየነዳን እንመለሳለን።

ከኔ ቀጥሎ የተወለዱ ሁለት ልጆች ለናቴ ሞተውባታል። ወንዱ መልካሙ፣ ሴቷ ውቢት ይባሉ ነበር። የወሰዳቸው ወባ ነው፤ እናቴ ግን ስማቸው ነው ትል ነበር። «በቆንጆ ስም ጠርቼ ለሞት ጠቆምኳቸው» ትላለች። ወንድሜ ሲወለድ ጎረቤታችን እማሆይ አጸደ መጡ። እማሆይ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚቆጡ አሮጊት መነኩሲት ናቸው። ሕፃኑን ከናቴ ተቀብለው አመድ የሚደፋበት ቦታ ላይ አስተኙት፤ የተቀደደ ጨርቅ ጠቀለሉበትና «ይኼ የተጣለ ነው፤ ማንም አይፈልገው። ባሪያው በሉት» አሉ። ቁንጮውን ብቻ አስቀርተው ላጩት። ሲያድግም ግራ ጆሮው ላይ ሎቲ ተንጠለጠለለት። ይህ ሁሉ ሞትን ለማታለል ነው። የክርስትና ስምማ አለው፤ ነገር ግን የክርስትና ስም ደጅ አይወጣም፣ እኔም እዚህ አላወጣውም።

ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ስሙ ሲጠራ የናቴ ድምፅ እንደሚለሰልስ ብቻ ነው። «ባሪያዬ! የኔ ባሪያ! ና እስኪ ልሳምህ!» ትላለች። እኔን «ሰብለ!» ስትለኝ ግን ውሃ ቅጅ ልትለኝ ነው። ስለዚህ ባሪያው ማለት ከሁሉ የሚወደድ፣ የማይቆጡት፣ ውሃ የማያስቀዱት ሰው ማለት ይመስለኝ ነበር። እቀናበት ነበር እንዴት አድርጌ!

አምና መምህር ስላልነበረን ሁለተኛ ክፍልን በመዝሙር ነበር የጨረስናት። ሦስተኛ ክፍል ስንገባ ርእሰ መምህሩ ከቋራ፣ ከገለጉ፣ አንዲት አስተማሪ እንደምትመጣልን ነገሩን። የምትከራየውም የኛን ትንሿን ክፍል ሆነ። ያን ዕለት ከትራክተሩ ላይ ሆኜ መንገዱን ስጠብቅ ዋልኩ።

ያመጣት የጭነት መኪና ከከተማው ውጭ ጭቃ ይዞት ኖሮ የቀረውን በእግሯ መጣች። ረጅም ናት። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ጥቁር ባለ ተረከዝ ጫማዋን አንጠልጥላለች። የጉሙዝ ልጅ ናት፤ መልኳ ከሁላችንም የጠቆረ ነው፤ ስሟ ሃዋ። በራችን ላይ ስትደርስ እናቴ ከውስጥ ትጣራለች።

«ባሪያው! ኧረ አንተ ባሪያው! ከጭቃው ውጣ ብዬሃለሁ!»

ቲቸር ሃዋ ቆመች። አንድ እግሯ ጭቃው ውስጥ፣ አንዱ አየር ላይ። እኔ ጊንጥ የነደፋት መሰለኝ።

«ቲቸር፣ ጊንጥ ነው?» አልኳት።

ዓይኗን ወደ አጥሩ መለሰች። ወንድሜ ጭቃ ተለቅልቆ፣ ቁንጮውን እየነቀነቀ ከአጥሩ ሥር ሲወጣ አየችው። ከዚያ እናቴን አየች። ከዚያ አየር ላይ የቀረ እግሯን ቀስ ብላ አወረደችና «ደህና ዋላችሁ?» አለች።

ቲቸር ሃዋ ስታስተምር ዝንብ እንኳ አደብ ገዝቶ የሚያዳምጥ ይመስለኝ ነበር። ማባዛትን በጭብጨባ አስተማረችን። ክፍል ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ የጫማዋን ጭቃ በስንጥር ትፍቃለች፤ ማታም ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቀለም ትቀባዋለች። ጭቃና እሷ እልህ የተጋቡ ይመስሉ ነበር። ወንድሜ ከክፍሏ አይወጣም። ብስኩት ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ ጆሮው ላይ ያለውን ሎቲ ያስነካታል። «ጓደኛዬ» ነው የምትለው። ስሙ የጠፋባት መስሎኝ ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ጮክ ብዬ፣ «ቲቸር፣ ስሙኮ ባሪያው ነው!» እያልኩ አስታወስኳት። ሦስቱንም ጊዜ «እሺ ሰብለ» አለችኝ።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። እናቴ ወንድሜን በጠራችው ቁጥር የቲቸር ሃዋ ራዲዮ ድምፅ ከፍ ይላል። እንዴት ያለች ራዲዮ ወዳድ ናት አልኩ።

ጥቅምት ሲገባ፣ አንድ ቀን፣ «በጣም የምትወዱትን ሰው ስም እየወጣችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉ» አለችን። አንዱ የአክስቱን ጻፈ። አንዷ የፍየሏን ስም ጽፋ ቲቸር «ፍየል ሰው ናት?» ስትላት «ከሰው ትበልጣለች» ብላ አሳቀችን። ተራዬ ደረሰ። ጠመኔውን ያዝኩ፤ በእግር ጣቴ ቆምኩ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አሳምሬ ባሪያው ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም አበባ ሣልኩበት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ዘወር ስል የማንም ዓይን ሰሌዳው ላይ አልነበረም። ሁሉም ቲቸር ሃዋን ነበር የሚያዩት። ከኋላ ወንበር አንዷ «ቲቸርን ጻፈቻት!» አለች።

ቲቸር ሃዋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ሰብለ፣ ይኼ ማን ነው?»

«ወንድሜ ነው ቲቸር። ያውቁት የለም እንዴ? ጓደኛዎ!»

«ትወጅዋለሽ?»

«ከሁሉም አብልጬ። ውሃ ባይቀዳም።»

ፈገግ ልትል ነበር፣ ተወችው። ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። «እሷ የጻፈችው ወንድሟን ነው። እናንተ ያነበባችሁት ማንን ነው?»

ሁሉም ደብተራቸውን ያገላብጡ ጀመር።  ከዚያ ማጥፊያውን አንስታ ስሙን አጠፋችው። አበባውን ተወችው።

ወደ ቤት ስንሄድ ጓደኛዬ የሺ ነገረችኝ።

«ባሪያ ማለት ድሮ የሚሸጥ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ጥቁር ሰው ሲሰደብ ነው። እንዴት አታውቂም?»

«ወንድሜ እኮ ቀይ ነው!»

«የሱማ ስም ነው።»

«ስምም ስድብም ይሆናል?»

የሺ ደብተሯን ወደ ሌላው ብብቷ አዛወረች። «እኔ እንጃ» አለች። «እናትሽን ጠይቂያት። እኔን አትጠይቂኝ፣ እኔም ስቄያለሁ።»

ቤት ስደርስ ቲቸር ሃዋ ቀድማኝ ደርሳ ከናቴ ጋር ደጃፍ ላይ ቆማለች። በወሩ መጨረሻ ወደ ገለጉ ልትመለስ እንደሆነ፣ ርእሰ መምህሩንም እንደጠየቀች፣ ክፍሏን ለሌላ ሰው ማከራየት እንደምንችል ትነግራታለች። እናቴ «ምነው? ጣሪያው አፈሰሰብሽ?» ትላለች። ቲቸር «ጣሪያው ደህና ነው እትዬ ጥሩ» ትላለች።

እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ያለ ጫማ ሰው ገለጉ አይደርስም። ቲቸር ሃዋ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጫማዎቿን ከደጃፏ አንስቼ ሮጥኩ፤ እህል የምናስቀምጥበት ትልቅ የሸክላ ጎታ ውስጥ ያለውን ያምና ሰሊጥ እስከ ክርኔ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ሌብነት እንዳይሆንብኝም «አደራ ማስቀመጥ ነው እንጅ መውሰድ አይደለም» ብዬ ለቅዱስ ሚካኤል አስረዳሁ። እሱም ምንም አላለኝም።

ጫማው ተፈለገ። ውሻችን ተጠረጠረ። ቲቸር ሃዋ የናቴን የጎማ ኮንጎ ተጫምታ ትምህርት ቤት ሄደች። በሩ ላይ ቆማ ያንኑም በስንጥር ስትፍቅ ሳይ በኮንጎም ገለጉ እንደምትደርስ ገባኝ።

ዓርብ ዕለት እናቴ ግቢው ውስጥ ሰፌድ ይዛ ሰሊጥ ታበጥራለች። ሰሊጡን ከጎታው ስትቀዳ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች፤ ደግነቱ ከላይ ከላዩ ነበር የቀዳችው። «እማ፣ ቲቸርን እየሰደብናት ነው እንዴ?» አልኳት። ሰሌዳ ላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ፊቷ ቀላ። ቲቸር ሃዋን ጠራቻት፤ ቲቸርም መጥታ ከጎኗ ቁጭ አለች።

«ስሚኝ እህቴ፣ እኔ አንችን አልሰደብኩም።»

«አውቃለሁ እትዬ ጥሩ።»

«ልጄን ነው የምጠራ። በልቤ ክፋት የለም፤ ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

«በልብዎ ክፋት እንደሌለ አምናለሁ። ልጁንም ወድጄዋለሁ። ግን በጠሩት ቁጥር ሰውነቴ ሳላዘው ዞር ይላል። ልጅ ሳለሁ ያን ስም ብዙ ጊዜ ድንጋይ ተከትሎት ይመጣ ነበር። አሁን ድንጋይ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ አንገቴ ግን አያውቅም።» ከሰፌዱ ላይ አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስም ሞልቶ፣ ለምን ይኼን መረጡ?»

«ሞት እንዳይመኘው ነዋ!» አለች እናቴ። «ሁለቱን በቆንጆ ስም ጠርቼ አየሁት። ይኼን ግን ማንም የማይፈልገው፣ ከሰው በታች የሆነ ስም ስሰጠው፣ ሞትም መጥቶ አይቶ ‹ይኼማ ለምኔ› ብሎ እንዲያ…»

ሰፌዱ ቆመ። ሰሊጡ ተንሸራትቶ ባንድ ጎን ተከመረ። ዶሮዋ መጥታ ትለቅም ጀመር፤ እናቴ አላባረረቻትም።

«እንዲያ ማለቴ አልነበረም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እንዲያ ነው እንዴ ስል የኖርኩ?» ይህን ያለችው ለቲቸር አልነበረም። ለሰሊጡም አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ስም ከናቴ አፍ አልወጣም። እኔም እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ነገር ግን ሞት እንደሆነ አልተለወጠም፤ ልጁ አሁንም የማያስመኝ ስም ያስፈልገዋል። እማሆይ አጸደ ተጠሩ። የሆነውን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ጭቃው ላይ ተከሉት። ከዚያ ወደ ቲቸር ሃዋ ደጃፍ ሄዱ።

«ልጄ፣ ያን ስም ያወጣሁ እኔ ነኝ። አንችን አስቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ እማሆይ።»

«አውቃለሁ አትበይኝ!» ብለው ተቆጡ። «አውቀሽም አመመሽ። ያላወቅሁ እኔ ነኝ። ያወጣሁትን አወርዳለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስም ፍለጋ ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰብን። እማሆይ በርጩማ ላይ፣ እናቴ መሬት ላይ፣ አያ ይበልጣል ደግሞ ትራክተሩን ዞሮ ሲያበቃ አጥሩን ተደግፎ። ቲቸር ሃዋ ደጃፏ ላይ ደብተር ታርማለች፤ ብዕሯ ግን እንደማይንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«ውሻው እንበለው» አለ አያ ይበልጣል። ውሻችን ተነስቶ ጭራውን እየቆላ መጣ። ስሙ ቀረ።

«ገለባው» አልኩ እኔ። እናቴ «ነፋስ ይወስደዋል!» ብላ ማተቧን ያዘች።

«ቡዳው» አሉ እማሆይ።

«የአንጥረኛው ሚስት ብትሰማስ?» አለች እናቴ። «ማረሻችንን የሚሠራልን ማን ሆነና?»

«እንግዲያስ ቆማጣው…» እማሆይ ራሳቸው አፋቸውን ያዙ። «አይ፣ አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከነሱ ጋር እኮ ነው የምቀመጥ።»

«ሳሉጉ ብንለውስ?» አለች እናቴ። ሳሉግ እኛ ጋ የሰሊጥ አጨዳ የቀን ሠራተኛ ነው።

አያ ይበልጣል ከአጥሩ ቀና አለ። «እትዬ ጥሩ! እኔስ ሳሉግ ሆኜ አይደል መተማ የመጣሁ? እኔ ነኝ እንግዲህ ሞት እንኳ የማይፈልገኝ?»

«አንተንማ ሚስትም አልፈለገችህ» አሉ እማሆይ። ሳቅን። እሱም ሳቀ። ስሙ ግን ቀረ።

ድንጋይ ገልበጥ ስናደርግ ጊንጥ እንደምናገኘው፣ ያን ቀን ቃል ገልበጥ ባደረግን ቁጥር ከሥሩ ሰው አገኘን። በመጨረሻ እማሆይ ታክቷቸው «ሃላስ! በቃኝ!» አሉ። «ስድብ ሁሉ ባለቤት አለው እንዴ?»

«አለው እማሆይ» አለች ቲቸር ሃዋ ከደጃፏ፣ ቀና ሳትል።

ስለዚህ ወንድሜ ያለ ስም ሰነበተ። «አንተ!» «ስማ!» «ማነህ!» ስንለው በጣም ተመቸው። የሚጠራው ስለሌለ አይመጣም፤ ስለማይመጣም አይታጠብም። ቀኑን ሙሉ ትራክተሩ ላይ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ስማቸው እንዲጠፋ ተመኙ።

ማክሰኞ ጠዋት ግን አልተነሳም። ፊቱ እንደ ፍም ነው፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ወባ ነው። እኛ አገር ወባ ለመለየት ሐኪም አያስፈልግም። እናቴ አንድ ጊዜ ነክታው ወደ ኋላ አለች።

«ስሙን ሳወርድ ነው» አለች። «ገላልጬ ሰጠሁት። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ።»

እማሆይ ገና ከጠዋት ጸሎት አልተመለሱም። አያ ይበልጣል ጎማ ሊያመጣ አብርሃ ጅራ ሄዷል። ቲቸር ሃዋ ደብተሮቿን እንደታቀፈች ብቅ አለች። ልጁን አየች፤ ደብተሮቹን ለኔ ሰጠችኝ። ነጠላዋን አውርዳ ወንድሜን ጀርባዋ ላይ አስራ ወጣች። እናቴና እኔ ተከተልናት።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጤና ጣቢያው ደረቅ ሲሆን ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዱን እርምጃ ከመሬት መንጠቅ ነበረብን። መንገድ ላይ አንዱ ኮንጎ ተውጦ ቀረ። ቲቸር ሃዋ ዞር ብላም አላየችው፤ ሁለተኛውንም ጥላው በባዶ እግሯ ቀጠለች። እኔ ከኋላዋ ያን ባዶ እግር እያየሁ አለቅስ ነበር። ጫማዋ ሰሊጥ ውስጥ መሆኑን ከቅዱስ ሚካኤልና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ መዝገብ የያዘ ወጣት ተቀምጧል። «የልጁ ስም?» አለ።

እናቴ አፏን ከፈተች።  ያ የድሮው ስም ጥርሷ ጫፍ ላይ እንደደረሰ እኔም አየሁት፣ ቲቸር ሃዋም አየችው።

«ይበሉት እትዬ ጥሩ» አለች ቲቸር ሃዋ በቀስታ። «ልቡናዎ እሱን ካለ ይበሉት። ልጁ ይዳን። እጄ ባይያዝ ጆሮዬን እይዝልዎ ነበር።»

እናቴ አየቻት። እንባና ሳቅ አንድ ላይ ሲመጡ የሚሰማ ድምፅ አወጣች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። የቲቸር ሃዋ እግር እስከ ጉልበቷ ጥቁር ጭቃ ነው፤ የናቴም፣ የኔም። የማን እግር የማን እንደሆነ አይለይም ነበር።

«ዋልካው» አለች እናቴ።

«ማን?»

«ዋልካው ነው ስሙ። ጻፈው።»

ወጣቱ ብዕሩን አቆመ። «የምን ዋልካ?»

«የደጃችን ዋልካ ነዋ! ማንም አይፈልገው፣ ሁሉም ይሰድበዋል፣ እሱም አይቀየም። የያዘውን ግን አይለቅ።»

ቲቸር ሃዋ አንገቷን አዙራ ጀርባዋ ላይ ያለውን ትኩስ ጉንጭ አየች። «ዋልካው» ብላ ሞከረችው። ከመጣች ጀምሮ የወንድሜን ስም ስትጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጣቱን ወጉት፤ ወባው ተገኘ፤ ኪኒኑ ተሰጠው። እማሆይ አጸደ ከሰዓት በኋላ መጥተው አዲሱን ስም ሲሰሙ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ። «እሰይ! እስኪ ሞት ወንድ ከሆነ ከዋልካ ውስጥ ይንቀለው!» ብለው ትራክተሩን ጠቆሙ።

በአራተኛው ቀን ወንድሜ ትራክተሩ ላይ ነበር። እናቴ ከደጃፍ ቆማ «ዋልካው! ኧረ አንተ ዋልካው! ከጭቃው ውጣ ብዬሃለሁ!» ብላ ተጣራች። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ከትንሿ ክፍል የሚመጣው ራዲዮ ድምፁ አልጨመረም። ቲቸር ሃዋ በመስኮት ብቅ ብላ «ዋልካው፣ እናትህን ስማ!» አለች።

እኔም ወደ ጎታው ሄድኩ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት፤ ዳበስኩ፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን አወጣሁ። ያልፋቀችው ጭቃ ሰሊጥ ነክሶ ተረከዙ ላይ ደርቋል። በቀሚሴ ጠርጌ፣ በሁለት እጄ ይዤ ደጃፏ ላይ ቆምኩ። አንገቴን ደፍቼ ዱላዬን ጠበቅሁ።

ቲቸር ሃዋ ጫማውን ተቀብላ ገለበጠችው። አንድ እፍኝ ሰሊጥ ፈሰሰ።

«እንዳልሄድ ነው የደበቅሽው?»

«አዎ ቲቸር።»

«ታዲያ አሁን ለምን መለስሽልኝ?»

«አሁንማ አይሄዱም።»

ፈገግ አለች፤ ይኼኛውን አልተወችውም። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ስንጥሩን አነሳች፤ አንዱን ጫማ ለራሷ ያዘች፣ ሌላውን ለኔ ሰጠችኝ። ጎን ለጎን ሆነን ጭቃውን ፋቅነው።